የግርማ አገጭ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤታችን አጥር ሊያሠራ ድንጋይ አስመጣ። ጠራቢው ድንጋዩ ላይ ውሃ ሲያፈስበት ሽታው በመስኮት ገባና እጄ ላይ የነበረውን ሥራ አስቀምጬ ተነሣሁ። ፀሐይ የጠበሰው ድንጋይ ውሃ ሲነካው የራሱ ሽታ አለው። አፈር አፈር ይላል፣ ግን አፈር አይደለም፤ አሁን የተጫረ የክብሪት እንጨት ሽታም አለበት። እኔ ይህን ሽታ የማውቀው ከአንድ በጋ ነው። ወንድሜ ግርማ በሞተ በዓመቱ፣ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ክረምቱ እስኪቃረብ አምቦ ላይ ካሳለፍነው በጋ።

አባቴ በሚሠራበት ጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ ከተማችን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ሰዉ ግን አምቦ ነው የሚላት፣ እኛም አምቦ ነው የምንለው። ግርማ ታላቄ ነው። እናታችን ከሱ በኋላ የወለደቻቸው ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ስለ ሞቱ በኔና በሱ መካከል ብዙ ዓመት ነበር። ረዥም፣ ጩኸታም፣ ቤት ሲገባ በሩን ከፍቶ መዝጋት የማያውቅ ልጅ ነበር። ግንቦት ላይ ተስቦ ያዘውና ሞተ። ከዚያ በኋላ በራችን ሁልጊዜ ዝግ ሆነ፤ እኔ ያንን በር ዝግ ሆኖ ማየት ጠላሁ።

የለቅሶው ዕለት አክስቴ ቡኒ ኮቱን በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛ ወጣች። ያኔ ለቅሶ እንደዚያ ነበር፤ የሟቹ ልብስ ይወጣል፣ ሰው ልብሱን እያየ ያለቅሳል። ኮቱ እጅጌው ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ በሕዝቡ መካከል ሲዞር፣ ዝም ብለው የነበሩት ሁሉ ድምፃቸውን ለቀቁት። ለትልልቆቹ ኮቱ ማስታወሻ ነው። እኔ ግን ለቅሶው ራሱ ኮቱ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ማንም ይህን ኮት ቢለብስ የሚለቀስለት እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ማንንም አልጠየቅኩም፣ የሚጠየቅ ነገር መሆኑንም አላወቅኩም።

የግርማ ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ተሰልፈው የተነሡት ነው። ፎቶ አንሺው "አትንቀሳቀሱ" ሲል ጎኑ ያለው ልጅ የሆነ ነገር ብሎት ግርማ እየሳቀ ዞረ። ከአንገቱ በላይ ጭስ የመሰለ ነገር ብቻ ነው ያለው። እናቴ ያንን ጭስ በነጠላ ጫፍ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ፣ እያወጣች ታየው ነበር።

እኔን ግን አታየኝም። ታበላኛለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፣ ጸጉሬን ትጎነጉነኛለች፤ ዓይኗ ግን ፊቴ ላይ አያርፍም። ጸጉሬን ስትሠራ እንኳ ከኋላዬ መሆኑ የሚቀላት ይመስለኝ ነበር። ከግርማ ጋር መልካችን ቁርጥ አንድ ስለሆነ ነው፤ ይህ አሁን ይገባኛል። ያኔ የገባኝ እንደጠላችኝ ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ እንድታየኝ የማልሆነው ነገር አልነበረም። ወተት ሆን ብዬ ደፋሁ፤ ወተቱን ጠረገች።

ጥምቀት እንዳለፈ እናቴ ለሙት ዓመቱ በሚቆመው ድንጋይ ላይ የልጇ ፊት ካልተቀረጸ አለች። ቄሱም ፊቱ ከመስቀሉ ሥር ከሆነ ግድ የለም አሉ። ሦስታችን ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ወደ ኦቦ ዳባ ሄድን። ኦቦ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው፤ ኦቦ ዳባ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው፤ በዋርካ ሥር ተቀምጠው መስቀል፣ የመቃብር ድንጋይ፣ አንዳንዴም ለባለጸጋ ደጃፍ የአንበሳ ራስ ይሠራሉ። ቅንድባቸውና ሽፋሽፍታቸው ሁልጊዜ ብናኝ ስለሚይዝ ወፍጮ ቤት ያደሩ ይመስላሉ።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዳባ?" አለ አባቴ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ።

"ነጋ፣ ነጋ፣ ደህና ነን። እንደምን ከረማችሁ?"

እናቴ ሰላምታው እስኪያልቅ አልጠበቀችም። "የልጄን ፊት እንዲሠሩልኝ ነው የመጣሁት" አለችና ፎቶግራፉን ሰጠቻቸው።

ኦቦ ዳባ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ተቀበሉ። ወደ ብርሃን ዞር አድርገው ቆይተው አዩት። "እትዬ፣ እዚህ ላይ ፊት የለም" አሉ፣ ቀስ ብለው።

"በቃል እነግርዎታለሁ።"

"ዓይኑ ትልቅ ነው ይሉኛል። የርስዎ ትልቅና የኔ ትልቅ አንድ አይደለም። ያላየሁትን ፊት ብሠራ የሌላ ሰው ልጅ ነው መቃብሩ ላይ የሚያቆሙት።"

እናቴ ፎቶግራፉን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። ከዚያ ትከሻዬን ይዛ ወደ ፊት ገፋችኝ። "እንግዲያው ይቺን ይዩ። እህቱ ናት፣ ቁርጥ እሱን ናት።" ስትገፋኝም ታይ የነበረው ኦቦ ዳባን ነው።

እንዲህ ሆኖ በጋውን ከትምህርት ቤት መልስ ዋርካው ሥር መቀመጥ ሥራዬ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን እናቴ ከሣጥኑ ቡኒ ኮቱን አወጣችና አለበሰችኝ። አንገትጌው እንዲታይ ነው። እጅጌው ጉልበቴን አልፎ ወረደ። አክስቴ ዘርግታው ስትዞር ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ። አሁን ተራው የኔ ነው አልኩ በልቤ። አላለቀስኩም፤ እናቴ ቁልፉን ስትቆልፍልኝ ጣቷ ደረቴን ነክቶት ነበርና ያንን ላጣው አልፈለግኩም።

ኦቦ ዳባ ያደረጉት ሁሉ ጥርጣሬዬን አጸናው። መጀመሪያ ድንጋዮቹን በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ጆሯቸውን አስጠጉ። ያልተሰነጠቀ ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል፤ ኋላ ነግረውኛል። እኔ ግን ውስጡ ሰው መኖር አለመኖሩን የሚጠይቁ መሰለኝ። አንዱ ላይ ሲደርሱ "ይሄ ባዶ ነው፣ ጥሩ ነው" ሲሉ ሰማሁ፤ ስንጥቅ የለበትም ማለታቸው ነበር፣ እኔ ግን ለኔ የሚሆን ቦታ አገኙ አልኩ። ከዚያ ክር አውጥተው ፊቴን ለኩ። ከግንባር እስከ አገጭ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ። አናጢውም የሬሳ ሣጥኑን ሊሠራ ሲመጣ ግርማን የለካው በክር ነው።

ቢሆንም ዓይኔን ከእጃቸው ላይ መንቀል አልቻልኩም። ጠዋትና ማታ ብቻ ይሠራሉ፤ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ጉድጓዱና ጉብታው ጥላ ስለሚጥል ይታያል። እኩለ ቀን ላይ "ፀሐይዋ ትዋሻለች" ብለው መዶሻቸውን ያስቀምጣሉ። ውሃ ያፈሳሉ፣ የድንጋዩ መስመር ፍንትው ብሎ ይወጣል፣ መስመሩን በጣታቸው ተከትለው መሮውን የት እንደሚያስገቡ ያስባሉ። አፍንጫዬን እንደ ጡጫ አድርገው ጀመሩት። ቅር ብሎኝ "የኔ እንደዚህ ነው?" አልኩ።

"አይደለም። ግን ካተለቅኩት ማሳነስ እችላለሁ፣ ካሳነስኩት ማን ያተልቅልኛል?"

"ዓይኑስ የታለ?"

"ዓይን መጨረሻ ነው። ቀድሜ ካወጣሁት ያየኛል፣ ካየኝ መምታት እፈራለሁ።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲሄዱ አንዳንዴ እከተላቸዋለሁ። ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ሲደርሱ ይቆማሉ። ሰው እነሱ አጠገብ መቆም ነውር ያደርግ በነበረበት ጊዜ፣ ኦቦ ዳባ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሴቶቹን አውራ ጣት ያያሉ። አንዷ የማሰሮ ከንፈር ስታቀና ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። "ምን ያያሉ?" አልኳቸው። "እነሱ ይጨምራሉ፣ እኔ እቀንሳለሁ" አሉ። "እነሱ ሲሳሳቱ መልሰው ይለጥፋሉ። እኔ ስሳሳት ዝም እላለሁ።" ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም እጅ ነው የማየው፤ አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ እንኳ ፊደሉን ትቼ ጣታቸውን አያለሁ፣ ለዚህም ተገርፌያለሁ።

ድንጋዩ ጭንቅላት እየመሰለ ሲመጣ እኔ መሰናበት ጀመርኩ። መዝለያ ገመዴን ለጎረቤታችን ልጅ ለአስካለ ሰጠኋት። "ለምን?" አለችኝ። "ከእንግዲህ አያስፈልገኝም" አልኳት። ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር ይዛው ሮጠች፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም። ምግብም አልበላ አለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦቦ ዳባ የከንፈሩን ቦታ በከሰል ምልክት ሲያደርጉ መቻል አቃተኝ።

"ድንጋዩ ሲያልቅ ነው የምሞተው?" አልኩ።

ከሰሉን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። "ማነው እንደዚህ ያለሽ?"

"ኮቱ።"

አልሳቁም። ለዚህ ነው ኦቦ ዳባን የምወዳቸው። መጥተው ፊቴ ተንበረከኩ፣ የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈቱና ዋርካው ሥር ባለ ጉቶ ላይ አንገትጌውን አስተካክለው ሰቀሉት። "ኮቱ የግርማ ነው" አሉ። "ይሄ ግን ያንቺ ነው።" ብናኝ በበዛበት ጣታቸው አፍንጫዬን ነኩኝ። "እኔ ማየት ብቻ ነው የምዋሰው። እይ እስቲ፣ የጎደለብሽ ነገር አለ? አፍንጫሽ አለ?"

ነካሁት። "አለ።"

"ጆሮሽ?"

"አለ።"

"በቃ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ድንጋይ ሰው አይወስድም።" ከሸክላ ሠሪዎቹ ያመጡትን ጭቃ ከእርጥብ ጆንያ ውስጥ ቆርሰው ሰጡኝ። "እኔ ስሠራ አንቺም ሥሪ። እጁ ሥራ የያዘ ሰው አይፈራም።"

እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ ኮቱን ጉቶ ላይ አየችው። "ለምን አወለቀች?" አለች፣ በቁጣ። ኦቦ ዳባ እኔ እንዳልሰማ በኦሮምኛ ነገሯት፤ አምቦ ተወልጄ ኦሮምኛ የማልሰማ መስሏቸው ነው። ይቺ ልጅ እሞታለሁ ብላ ነው እዚህ ስትቀመጥ የከረመችው፣ እርስዎን ላለማስከፋት ዝም ብላ፣ አሏት። እናቴ ከተጠረበው ፍርካሽ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋ ብናኝ በብናኝ ሆነ። አላቀፈችኝም። ስንነሣ ግን "ነገ እኔም እመጣለሁ" አለች።

በማግሥቱ መጣች። ድንጋዩን አይታ "አልመሰለም" ትላለች፣ ምኑ ነው ሲሏት ግን መናገር አትችልም፤ እንባ ይቀድማታል። ኦቦ ዳባ አሰቡና "እትዬ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ" አሏት። "ሲያጥቡት፣ ሲያሻሹት ያደገ ልጅ ነው። እጅዎ ያውቀዋል።" አንዱን እጇን ድንጋዩ ላይ፣ አንዱን እኔ ፊት ላይ አስቀመጡት።

የእናቴ እጅ ፊቴ ላይ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነበር። ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። ከጸጉሬ መነሻ ጀምሮ ቀስ ብሎ ወረደ፣ በድንጋዩ ላይ ያለውም አብሮት ወረደ። "ግንባሩ ይሄው ነው" አለች። "ቅንድቡም። እዚህ ጋ ግን፣ ጉንጩ ላይ፣ እሱ ጎደል ይላል። ይሄ የሷ ነው፣ እሷ ገና ልጅ ናት።"

"የሷ" ስትል ሰማኋት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የምጠብቀው ያንን ቃል ሆነ። ኦቦ ዳባ ይመታሉ፣ ያቆማሉ፣ እናቴ ትዳስሳለች። አፍንጫው የሱ ሆነ። የጆሮዬ ጫፍ የኔ ሆነ። የላይኛው ከንፈር የሱ ሆነና ትንሽ ከፋኝ። እሷ ልጇን ከኔ ላይ እየለየች ስታወጣ፣ እኔም ቀስ በቀስ ከሱ እየተለየሁ ነበር። ይህን ያኔ በቃል ልናገረው አልችልም፤ ግን እንደገና እራት መብላት ጀመርኩ።

ሚያዝያ ላይ የእናቴ አጎት ጌዶ ከተማ ሞቱና ለለቅሶ ወደዚያ ሄደች። ደመናው እየከበደ፣ ሙት ዓመቱ እየተቃረበ ነበር። ኦቦ ዳባ ጊዜ እንዳያልፍባቸው እኔን እያዩ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የፊቱን ታች ጨረሱት። እናቴ ከጌዶ በተመለሰች በማግሥቱ መጣች፣ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። እጆቿ ወረዱ፣ ወረዱ፣ አገጭ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይሄ የሱ አይደለም" አለች።

ደግማ ዳሰሰችው።

"የሱ ሰፋ ያለ ነው። መካከሉ ላይ ደግሞ ጎድጎድ ይላል። ይሄ የሷ ነው። ኦቦ ዳባ፣ ይሄ የሷን አገጭ ነው የሠሩት።"

ኦቦ ዳባ መሮውን መሬት ላይ አስቀመጡ። "የወሰድኩትን መመለስ አልችልም፣ እትዬ" አሉ። እንደዚያ ቀን ሽማግሌ መስለውኝ አያውቁም።

እናቴ ዞር ብላ እጄ ላይ ያለውን ጭቃ ወሰደች። በግ ልሠራበት ነበር፤ ሳታስፈቅደኝ ነው የወሰደችው። ድንጋዩ አገጭ ላይ ለጠፈችው፣ በመዳፏ አሰፋችው፣ ከዚያ መካከሉን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። እጇን አነሣች።

ግርማ ነበር። ዓይኑ ገና ያልተሠራ፣ ግን እሱ ነው። ሊያሾፍብኝ ሲል አገጩን ወደ ፊት እንደሚያወጣው አድርጎ። እኔም ለካ መልኩን ረስቼው ኖሯል፤ መርሳቴን እንኳ ያወቅኩት ያኔ ነው። እናቴ "ልጄ" አለችና ግንባሯን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ አለቀሰች። ኦቦ ዳባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ወንዙ ዞሩ።

ነፋስ ነበር። ጭቃው ዳር ዳሩ እየነጣ መጣ፣ ቀጭን ስንጥቅ ወጣበት። ኦቦ ዳባ "ሌላ ድንጋይ ላምጣ" አሉ። "ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ለሙት ዓመቱ አይደርስም፣ ክረምቱ ሲወጣ ይደርሳል። ዋጋ አልልዎትም።"

እናቴ ወደ ድንጋዩ ተጠጋች። ጭቃውን እንዳይሰበር በጥፍሯ ዙሪያውን አላቅቃ፣ እንዳለ አነሣችው። ከሥሩ የኔ አገጭ ወጣ። ቀጭን፣ የልጅ አገጭ፣ በወንድሜ ፊት ላይ። እሱን አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ዓይኗ ፊቴ ላይ አረፈ፣ ቆየ፣ አልሸሸም። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ይህንን ነው፤ ሲመጣ ግን ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ።

"ብዙነሽ" አለችኝ። "ይሄ ያንቺ ነው። እዚያ፣ ከሱ ጋር ቢሆን ትፈሪያለሽ?"

ፈርቼ ነበር። መቃብሩን አሰብኩት፣ ዝናቡን፣ ማታ ማታ እዚያ የሚጮኸውን ጅብ። እጄን አንሥቼ አገጬን ነካሁት።

"አልፈራም" አልኩ። "እኔም ጋ አለ።"

እናቴ ጭቃ በነካው እጇ አገጬን ያዘችኝ። ለረጅም ጊዜ እንደያዘችኝ ቆየች። "ይሁን" አለች ለኦቦ ዳባ። "አብረው ይሁኑ።"

ዓይኑን ኦቦ ዳባ በመጨረሻ ሠሩት፣ እንዳሉትም ከዚያ በኋላ ድንጋዩን በመዶሻ አልነኩትም። በሙት ዓመቱ ዕለት ድንጋዩ የተሸፈነበት ነጠላ ሲገፈፍ ሰው ሁሉ አለቀሰ። አክስቴ "ቁርጥ እሱን፣ ምንም ያልቀረ" አለች። አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። አንድም ሰው አገጩን አላስተዋለም። እናቴ ተጠግታ ግንባሩን ሳመችው፤ ዞራ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጎንበስ ብላ አገጬን ሳመችኝ። ሴቶቹ ሐዘን ያናወጣት መስሏቸው ተያዩ።

ያን ጭቃ እኔ ነኝ የወሰድኩት። መካከሉ ላይ የእናቴ አውራ ጣት አለበት። እንዳይደርቅ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ጨርቅ እየቀየርኩ አቆየሁት፣ አልሆነም፣ መስከረም ሲጠባ ለሁለት ተሰነጠቀ። አለቀስኩ፤ ከዚያ ሰባበርኩት፣ በውሃ አራስኩት፣ እንደገና ሠራሁት። አልመሰለም። ደግሜ አፈረስኩት።

ዛሬም ከጭቃ ፊት ስሠራ ከአገጭ ነው የምጀምረው። ሰፋ አድርጌ።